የእማዬን ድምፅ የለበስክ ዕለት

ውድ ወንድሜ ኤቫልድ፣

ለመንደራችን በዓል የቀልድ ዝግጅትህን ይዘህ እንደምትመጣ ከጎረቤታችን ከጌዛ ሰማሁ። ከመምጣትህ በፊት ይህን አንብብልኝ። ፊት ለፊት ብነግርህ አለቅሳለሁ፤ አንተ ደግሞ ለቅሶዬንም መድረክ ላይ ታወጣዋለህ ብዬ ፈራሁ።

የሙራን ወንዝ ተሻግረህ ዋና ከተማው ሉብሊያና ስትገባ፣ የትወና አስተማሪዎችህ የአገርህን አነጋገር እንድትጥል ሲያዝዙህ፣ እማዬ ቅር አላላትም። "ይማር እንጂ፤ የእኛ ወሬ ለእኛ ይበቃናል" አለች። ለበዓል መጥተህ ድንቹን "ክሩምፕሊ" ማለት ትተህ እንደ ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ "ክሮምፒር" ስትላት እንኳ ስቃ፣ "በል ጌታው፣ በፈለግከው ስም ጥራው፣ ብቻ ሳይቀዘቅዝ ብላ" ብላ ሳህኑን ገፋ አደረገችልህ።

ከዚያ በቴሌቪዥን ወጣህ። እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ የበዓል ኬኳን ጊባኒጻን ጋግራ ጠበቀችህ። ሻሽ አስረህ፣ ሽርጥ ታጥቀህ፣ በእሷው ድምፅ "ልጆቼ!" ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀጥለህ ግን ሆስፒታሉን አመጣኸው። አባባ ሊሞት ሲል እማዬ ሐኪሙን በእኛ አፍ "ያመዋል ወይ?" ብላ ስትጠይቀው፣ አልገባው ብሎ ወደ አንተ ዞሮ "ምንድን ነው የምትለው?" ያለህን። ያንን አሳቅክበት! አዳራሹ አጨበጨበልህ። እኛ ቤት ጌዛ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ሁሉ ሳህን ሳህኑን ያይ ጀመር። እማዬ ወደ እኔ ዞራ፣ "ኢሎንካ፣ እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?" አለችኝ።



ብዙም ሳይቆይ ገበያ ላይ አንዲት የማናውቃት ነጋዴ የአንተን ድምፅ አስመስላ፣ "እትዬ፣ ክሩምፕሊ ልመዝንልሽ?" አለቻት። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ከቤት ከወጣች የምትፈልገውን በጣቷ መጠቆም ሆነ ሥራዋ። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት "የመጽሐፉን አነጋገር አስተምሪኝ" ብላ ለመነችኝ። ሞከርን። ምላሷ እምቢ አላት። "ተዪው፣ ዝምታው ይሻለኛል" አለችና ተወችው። ያቺ ከዶሮዋ ጋር ሳይቀር ስታወራ የምትውል ሴት!

በመጨረሻዋ ሰዓት የመጣው ቄስ የእኛን አፍ የማያውቅ የሌላ አገር ሰው ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ አልወቅሰውም። "አባታችን ሆይን አብረን እንበል" አላት። ዕድሜዋን ሙሉ በእኛ አፍ የጸለየችውን። ከንፈሯን ገጠመች። እጇን ይዤ ጠጋ ስላት፣ በጆሮዬ "አይሆንም፣ ይስቅብኛል" አለችኝ። በቀብሯ ዕለት የመጨረሻ ቃሏን ጠይቀኸኝ ዝም ብዬህ ነበር። ይኸው፣ እሱ ነው።

አንተ በቀብሩ ላይ እንከን በሌለው የመጽሐፍ ቋንቋ ተናገርክ፤ ሰዉም "እንዴት ያለ አንደበት ነው!" አለ። ከቀብር መልስ ማዕድ ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ አፍህ ምግብ እንደያዘ፣ "እሷ ብቻ የምትላቸው ቃላት ነበሩ አይደል? የምታስታውሺውን ጻፊልኝ እስቲ፣ ለአዲሱ ዝግጅት ይሆነኛል" አልከኝ።

አስታውሳለሁ ኤቫልድ። ሁሉንም አስታውሳለሁ። አንዱንም አልሰጥህም።

መድረኩን ልከለክልህ አልችልም፤ መንደሩ የአንተም መንደር ነው። ደጄን ብታንኳኳ ግን አብረን ባደግንበት አፍ አልመልስልህም። እንደማላውቀው የከተማ እንግዳ፣ በአንቱታ፣ በመጽሐፉ ቋንቋ ነው የምቀበልህ። ከአሁኑ ልጀምረው።

ክቡር ሆይ፣ የእናትዎ የወይዘሮ ትሬዛ መቃብር ከመካነ መቃብሩ በር በስተግራ ይገኛል። ሊጎበኙ ከፈለጉ፣ እባክዎ እዚያ ሲደርሱ ምንም አይናገሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ኢሎንካ ቤንጺክ