ሦስተኛውን ልብ ወለድ ያልጨረሱት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

ደራሲና መምህርት እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን በ1948 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ተወለዱ። በልጅነታቸው ወሬ ጨምሮ በማውራት የታወቁ ነበሩ። ሱቅ ተልከው ሲዘገዩ የሚያመጡት ሰበብ እጅግ ከማማሩ የተነሳ እናታችን ቁጣቸውን ረስተው ያዳምጧቸው ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1971 ዓ.ም. ከኮሌጅ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመረቁ። የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው በ1974 ዓ.ም. ሲታተም ከማተሚያ ቤቱ አራሚ ጋር በነጠላ ሰረዝ የተነሳ ተጣሉ፤ በዓመቱ ተጋቡ። ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ሁለተኛው መጽሐፋቸው በ1980 ዓ.ም. ወጣ። ሁለቱም መጻሕፍት በሰው የተጨናነቁ ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ራሱን አግኝቶባቸው ግማሹ አኩርፏል።

ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሌጅ የፈጠራ ጽሑፍ አስተማሩ። ተማሪው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። እጃቸውን ሲያነሱ ተማሪው ያነበበውን ዓረፍተ ነገር በገዛ እስክሪብቶው ይሰርዛል፤ ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። ተማሪዎቹ በሌሉበት «እጅ ወደ ላይ» ይሏቸው ነበር። ቢሆንም ይወዷቸዋል፤ ብዙዎቹም መጽሐፍ ለማሳተም በቅተዋል።

ችግሩ ያ እጅ ቤት ድረስ መከተሉ ነው። ሦስተኛውን ልብ ወለድ ጓዳ ገብተው ይጽፉና ለራሳቸው ጮክ ብለው ያነቡታል። ድምፃቸው ድንገት ሲቋረጥ እጃቸው መነሳቱን እናውቃለን፤ ቀጥሎ ወረቀት ሲቀደድ ይሰማል። ባለቤታቸው የሚጣለውን ላስቀምጠው ብለው ቢለምኑ እሺ አላሏቸውም። እኔም አብሬያቸው የኖርኩት ታናሽ ወንድማቸው ማስተማሩን እንዲተዉ ጎትጉቻቸው ነበር። ክፍል ካልገባሁ ምኑን ኖርኩት ብለው ተቆጡኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ መጽሐፉ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄባቸው ነበር፤ ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም።

በ2015 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንዷን፣ ዛሬ ራሷ ደራሲ የሆነችውን፣ አስጠርተው ከመጽሐፉ የተረፈውን አስነበቧት። እስከ መጨረሻው እጃቸው አልተነሳም። እውነቱን እንድትነግራቸው ሲጠይቋት እያለቀሰች፣ «መምህር፣ እንከን የለውም። ሰው ግን የለበትም» አለቻቸው።

እህታችንም፣ «እኔው ነኝ ያስወጣኋቸው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሰዎቹን ለመመለስ ብዙ ደከሙ። በየስማቸው እየጠሩ፣ ምን ይናገሩ እንደነበር ይጠይቁን ጀመር። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እኔ በግድግዳው በኩል የሰማነውን እየተጋገዝን ነገርናቸው፤ ታላቋ ልጃቸው ጻፈች። ብዙዎቹ ጎደሎ ሆነው ተመለሱ። በአውቶቡስ ላይ ትኬት የምትቆርጥ አንዲት ሴት ግን ነበረች፤ እሷን ማናችንም ልናስታውሳት አልቻልንም። እህታችን እሷኑ እንደጠየቁን ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንድ የልጅ ልጃቸው፣ እኔ ወንድማቸውና እዚህ የቆማችሁ ተማሪዎቻቸው በሐዘን ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን እንዳለች ይቀበልልን፤ እኛንም ያጽናን። ከመካከላችሁ እህታችን ስለ ትኬት ቆራጯ ሲያወሩ የሰማ ካለ፣ እባካችሁ ከቀብሩ በኋላ ሳትነግሩን አትሂዱ።