ለየረድፉ የተለየ ጥያቄ

እጃጂ፣ ሰኔ 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ ከጭቃው በቀር ደህና ነኝ። እናታችንም ወገቧን እያመማት ነው እንጂ ደህና ናት። ባለፈው ደብዳቤህ ስለ እሷ ሳታነሳ ተማሪዬን ድንቅቱን ሁለቴ መጠየቅህን አልነገርኳትም።

አምና ሁለት የሰባተኛ ክፍል ሴት ልጆች ተጠልፈው ሲቀሩ፣ እኛ አስተማሪዎቹ ከስማቸው ትይዩ «አቋርጣለች» ብለን ጽፈን ዝም አልን። ዘንድሮ ወዳጅህ ተድላ ድንቅቱን ሊጠልፍ ማሰቡ ሲወራ ያንን ቃል ዳግመኛ አልጽፍም ብዬ፣ አባቷን ኦቦ ኢዶሳን አስፈቅጄ ቤቴ አስገባኋት። ዳይሬክተራችን የእኛ ሥራ ጠመኔ ነው፣ የሰው ትዳር ውስጥ ምን አገባሽ አለኝ።

ለፋሲካ ወደ አባቷ ስትሄድ ግን የተድላ ሰዎች መንገድ ላይ ጠበቋት። ለጥቂት አመለጠች። ቀኑን የምናውቀው ጥቂት ሰዎች ስለነበርን ከዚያ ወዲህ ሁሉንም መጠርጠር ያዝኩ። ዘበኛው ኦቦ ቱፋ ሲስቅ እንኳ ምን ሰምቶ ነው እላለሁ።

ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና አምቦ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ፣ ክፍል ውስጥ የማደርገውን አደረግሁ። ተማሪዎች እንዳይኮራረጁ ለየረድፉ የተለየ ጥያቄ እሰጥ የለ? ለኦቦ ቱፋ ሐሙስ ትሄዳለች አልኩት። ለዳይሬክተሩ ዓርብ አልኩት። ልጅቷን ግን ረቡዕ ጠዋት ከአባቷ ጋር በእህል መኪና ሸኘኋት። ዛሬ እየተፈተነች ነው፤ የት እንዳረፈች አልጽፍልህም።

ሐሙስ መንገዱ ሰላም ነበር። ዓርብም እንዲሁ። ቅዳሜ ተድላ አራት ሰዎች አስከትሎ ድልድዩ ጋ አውቶብስ እያስቆመ ሲፈትሽ ዋለ።

እግዜር ያውቃል፣ ኦቦ ቱፋ በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ትናንት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ለምን እንደሆነ ስላልገባው ሳቀብኝ። እኔ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጋሼ፣ የላክሁልህን የመጨረሻ ደብዳቤ ካላቃጠልከው አውጥተህ እየው። የትኛውን ቀን ጽፌልህ ነበር?

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትልቋ ልጅህ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሰባተኛ ክፍል ነች። መንገዷን ፈጣሪ ይጠብቅላት፤ ቀኗን የሚያውቅ ክፉ ሰው አይስጣት።

እህትህ