ግጥም ቢሆንስ፣ ገብሱ ይረጥባል

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከስምንት ቀን ሆነ። ሙት ዓመትሽን ባለፈው እሑድ አወጣን። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። እኔ ግን የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገርሽ። አባዬ የበረቱን ጣሪያ በአዲስ የጓሳ ሳር ከደነው። ጥቁሯ በግሽ መንታ ወለደች። እኔ እስካሁን ሥራ አላገኘሁም። በየሳምንቱ መሐል ሜዳ ከተማ እየወጣሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ አነባለሁ። ጎረምሶቹ "ምሩቋ፣ ኮብልስቶኑ መቼ ነው የሚጀመረው?" እያሉ ይቀልዱብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ እግሬ ግን አንድ ቦታ አይረጋም።

ከዩኒቨርሲቲ ይዣት የመጣሁትን የግጥም መጽሐፍ ታስታውሻታለሽ? ስለ ውሃ መቅዳት፣ በር ስለ መክፈት፣ እንዲሁ ስለ ተራ ቀን የተጻፈችውን። አንቺ የበግ ጠጉር ስትፈትዪ እኔ አነብልሽ ነበር። በአንዷ ግጥም ውስጥ አንዲት ሴት ዝናብ ሲጥል ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ፣ ምንም ሳትሠራ፣ ጠብታውን ትሰማለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ጨረስኩ። አንቺ እንዝርትሽን አቁመሽ "ያሰጣችውስ?" አልሽኝ። "ምኑን?" ብልሽ "ገብሷን ነዋ!" አልሽኝ። "እማዬ፣ ይሄ እኮ ግጥም ነው" ብልሽ "ግጥም ቢሆንስ፣ ገብሱ ይረጥባል" ብለሽ መፍተልሽን ቀጠልሽ።

ተናደድኩብሽ። ስንት ዓመት የተማርኩትን በአንድ ቃል ያፈረስሽብኝ መሰለኝ። ኋላ አልጋ ላይ ከዋልሽ በኋላ "እስኪ ያቺን የዝናቧን ሴትዮ አንብቢልኝ" ስትዪኝ፣ ልትስቂብኝ ነው ብዬ ሌላ ግጥም አነበብኩልሽ። እስከ መጨረሻው ሰማሽኝ። ይሄው ዓመቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ከረመ።

ሙት ዓመትሽ ወር ሲቀረው አባዬ ለዳቦ የሚሆነውን ገብስ ግቢ ውስጥ አሰጥቶ፣ "ዓይንሽ ከሱ ላይ እንዳይነሳ" ብሎኝ ቀየት ገበያ ሄደ። ከዚያ ሌላ ጎተራው ውስጥ የነበረን የዘሩ ብቻ ነው። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ መጽሐፏን ብገልጥ ያቺው ግጥም ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል አነበብኳት። ሰሌዳው፣ ሥራው፣ ጎረምሶቹ ሁሉ ከራሴ ወጡ። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ ከግጥሟ የመጣ መሰለኝ፤ እንዴት ያምራል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዚያ ያንቺ ድምፅ መጣብኝ። መጽሐፏን ጥዬ ሮጥኩ። ግማሹን አስገባሁ፤ ግማሹ ራሰ።

አባዬ ሲመለስ አልዋሸሁትም፤ ግጥም ሳነብ ነው አልኩት። ከራሰው በመዳፉ ዘግኖ አየው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው። "እናትሽ ብትኖር ይቺን ስንት ዓመት ባወራቻት!" አለ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለም ደረሱና "ይሄማ ምን ችግር አለው? ብቅል ይሁና!" አሉ። የራሰውን ደግመው ዘፈዘፉት፤ በቅጠል ሸፈንነው። እንደ ሕፃን ልጅ በየጧቱ ገለጥ አድርጌ አየው ነበር። ነጫጭ ሥር አወጣ። ከገበያ ልንገዛው ያሰብነው ብቅል እቤታችን በቀለ። እሑድ ጠላሽን የቀመሰ ሁሉ "ማን ጠነሰሰው?" ሲል፣ አባዬ ወደኔ እያየ "ዝናብ" ይል ነበር።

እማዬ፣ ልትስቂብኝ እንዳልነበረ አሁን ገባኝ። እኔ ግጥሙን ሳደንቅ አንቺ ለሴትዮዋ ተጨንቀሽላት ነበር። እንደ ጎረቤትሽ አሰብሽላት። ስትታመሚም አንብቢልኝ ያልሽኝ እንዴት እንደሆነች ልትጠይቂያት ነበር።

ከነገ ወዲያ ለሥራ ፈተና ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። መጽሐፏ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፤ ከግጥሟ ጎን ያንቺን ቃል በእርሳስ ጽፌበታለሁ። የትም ብመደብ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የተሰጣውን አስገባለሁ። ከዚያ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ያኔ የከለከልኩሽን ግጥም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልሻለሁ።

ልጅሽ