ስምንት ሺህ እርምጃ

ሰኞ
አልተሰማኝም። ጤና ጣቢያ ነርሷ ዓይኔን አስጨፍና የግራ ውስጥ እግሬን ነካችው። «አሁንስ?» አለችኝ። መንካቷንም አላወቅሁ። የስኳር በሽታው ነው፣ ክኒኑ ብቻውን አይበቃም፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ የሚመጣው ሰኞ ይመለሱ አለችኝ።

የጎረቤቴ እግር የተቆረጠው እንዲሁ ጀምሮት ነው። ፈራሁ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ በእግርህ ሂድ መባሌን ግን ለልጄ ደውዬ ነገርኳት።

ማክሰኞ
ልጄ ሰብለ ከባሕር ዳር እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት በሚኒባስ ላከችልኝ። ቁጥሩን እዚያው ሆና በስልኳ ታየዋለች። «በቀን ስምንት ሺህ፣ አባዬ!» አለችኝ። ግቢዬን ደጋግሜ ዞርኩ። ዘጠኝ መቶ። በዚህ ዓይነት እግሬ አለቀለት።

ረቡዕ
ጥሊሊ ከተማ ለቅሶ ነበረብኝ። እንደ ልማዴ ፈረሴን ዳማን ጭኜ ሄድኩ። ስመለስ ሰዓቱ ነዘረኝ፤ ስምንት ሺህ አልፏል! እንዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሰብለ ደውላ «ኮራሁብዎ» አለችኝ። እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ።

ሐሙስ
ወደ ገበያ ስሄድ ኮርቻው ላይ ሆኜ ሰዓቱን አየሁት። ዳማ በሶምሶማ ሲሄድ ቁጥሩ ይሮጣል። አቆምኩት፤ ቁጥሩም ቆመ። ለካ ልጓም የያዘው እጄ በነጠረ ቁጥር እርምጃ እያለ ይመዘግባል!

 ሰብለ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አውርታለች። ምን ብዬ ልንገራት?

ዐርብ
ልነግራት ስላልደፈርኩ ዛሬም ዳማን ጫንኩ። አፍራለሁ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ጠጠር ዱብ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ግራ እግሬ ሥር ነበር፤ አልቆረቆረኝም። እግሬን አገላብጬ አየሁት፤ አልቆሰለም። ሰዓቱ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ይላል። እንደ ሐሰት ምስክር ጠላሁት።

ቅዳሜ
ዳማን ሳልጭነው ልጓሙን ይዤ ከዘንገና ሐይቅ እስከ አስፋልቱ በእግሬ ሄድኩ። ጫማዬን ሦስት ጊዜ አራገፍኩ። መንገደኛው ሁሉ «ጋሼ፣ ፈረሱ ታመመ እንዴ?» ይለኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰላም ብዬ አለፍኳቸው። ለሦስተኛው «የለም፣ የታመምኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ወጣልኝ።

ሦስት ሺህ አንድ መቶ።

ወዲያው ሰብለ ደወለች። «አባዬ፣ ምን ሆኑ? ዛሬ ምነው አነሰ?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ዳማንም፣ ጠጠሩንም።   «ነገ እመጣለሁ። ሰኞ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን፤ በእግር» አለች።

ሰኞን እፈራለሁ። ነርሷ ስትነካኝ አሁንም ላይሰማኝ ይችላል። ሦስት ሺህ አንድ መቶው ግን የራሴ ነው።