አባዬ፣ ለሐኪሟ ስለተናገሩልኝ

አባዬ፣ ነፍስዎን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልኝ። ከተለዩን ሦስት ዓመት ደፈነ። እኔ ደህና ነኝ፤ ይህን ማለት መቻሌም የእርስዎ ሥራ ነው። መንገዱ እስከ ሰፈራችን ተጠርጓል። የሞባይል ኔትወርክም ደርሶልናል፤ እማዬ ግን አሁንም ድምፅዋን እኔ ወዳለሁበት ደሴ ድረስ በጉልበቷ የምታደርሰው ይመስል ስልኩ ላይ ትጮኻለች።

ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ሥርዓት ነው። እርስዎ ቄስ ሆነው አሸተን ማርያም ስንት ዓመት ከደጅ ቆመው አስቀደሱ። ሰው ቄሱ ምን ቢበድሉ ነው ብሎ አማ። እርስዎን ግን ከሐሜቱ ይልቅ ከአንጀትዎ ደም እንደሚፈስ መናገር አሳፈረዎት። ኮሶ ነው አሉን፤ የኮሶ መድኃኒት እየጠጡ ሲብስብዎትም ዝም አሉ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ግትር ነበሩ።

እኔም ላሊበላ ሆቴል ስሠራ ያው ሕመም ያዘኝ። የአባቷ ልጅ፣ ደበቅሁት። አሜባ ነው ተብዬ ኪኒን ስውጥ ከረምኩ፤ ቀሚሴ ከላዬ እስኪወርድ ከሳሁ። በመጨረሻ እርስዎ አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ሐኪሟ ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ልብስዎን ሳጥብ ደሙን አይቼ የማውቀው እኔ፣ ክብርዎ እንዳይነካ ብዬ የለም አልኩ።

ያኔ እርስዎ መሬት መሬት እያዩ፣ አለ፣ እኔ ነኝ አሉ። ለእማዬ እንኳ ያልነገሩትን ሁሉ ለማያውቋት ሴት ዘረገፉላት።

ሕመሙ አሜባ ሳይሆን ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት፣ በዘርም ሊመጣ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ውጭ አገር በዘረ መል ላይ ያነጣጠረ መድኃኒት እየተጠና ነው አለችን። ለጥናት ደም ስትጠይቀን ቀድመው እጅጌዎን የሰበሰቡት እርስዎ ነበሩ፤ ለልጄ ባይደርስ ለልጅ ልጄ ይደርሳል ብለው። ለእርስዎ ረፍዶ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

ያ መድኃኒት እስካሁን እኛ ዘንድ አልመጣም። የታዘዘልኝ ኪኒን ግን በጊዜ ስለተጀመረ ደሙን አቁሞልኛል። ባለፈው ወር ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ግንባሯ ቁርጥ የእርስዎ ነው።

አባዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በቁምዎ ሳሉ አላልኩዎትም፤ ይቆጨኛል። ከእንግዲህ ሐኪም ያንን በጠየቀኝ ቁጥር አባቴ ነበረባቸው እላለሁ። ልጄም ካደገች፣ ስትጠየቅ የአያቷን ስም ቀና ብላ ትጠራለች።