ቀዮ በከባድ ማርሽ

አስኩዬ፣

ባለሽበት ድካም የለም ይላሉና ስለ ጤናሽ አልጠይቅም። ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። የሰኔ ሚካኤል እንዳለፈ የሙት ዓመት ተዝካርሽን እናወጣለን። ድግሱን ልጃችን ትዕግሥት ተረክባዋለች። እኔን "አባዬ፣ አንተ ብቻ አርፈህ ተቀመጥ" ብላኛለች። አላረፍኩም። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው፤ ወሬዬ የደስታ ነው።

ቤታችን ያው ነው። የስፌት መኪናሽን ትዕግሥት ወስዳ ትሠራበታለች። መስኮቱ ሥር የነበረው ቦታሽ አሁን የቀዮ ጋራዥ ሆኗል፤ ካቻቢቴው፣ ግሪሱ፣ ጨርቁ ሁሉ እዚያ ተዘርግቷል። ብታዪው ትቆጪኝ ነበር። ከተቆጣሽኝ በኋላ ደግሞ አጠገቤ በርጩማ ስበሽ ትቀመጪ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ያነበበው እንደሆነ፣ ቀዮ ያልኳት በሪሞት የምትነዳዋን ቀይ የባትሪ መኪና ነው። ለልጅ ልጃችን ነው ብለሽ ገዝተሽ ልጁን አንድ ቀን እንኳ አላስነካሽውም። እኔ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬ ጡረታ ስወጣ የአንቺ ረዳት ሆንኩ። አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ እጠግናለሁ። ሪሞቱን "አምጣው እስቲ" አላልኩሽም፣ አንቺም "እንካ" አላልሽኝም። እንዲሁ ተስማምቶን ኖርን።

እሑድ እሑድ ከየካ ሚካኤል ቅዳሴ ወጥተን፣ ምሳ ቀማምሰን፣ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ሥር ወዳለው ቀይ ዳገት እንሄድ ነበር። ወጣቶቹ መኪኖቻቸውን ይዘው ሲያዩሽ ደስታቸው! "ማዘር መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!" "ማዘር፣ መንጃ ፈቃድ ይታይ!" አንቺ ነጠላሽን ወደ ኋላ ጥለሽ "የአንተ ይቅደም፣ ፊትህ ራሱ አልታደሰም" ስትዪው ያ ረጅሙ ልጅ በሳቅ መሬት ላይ የተቀመጠው ትዝ ይለኛል።

ዳገቱ ግን እምቢ አለሽ። ቀዮ አናቱ አጠገብ ያለው ድንጋይ ጋ ስትደርስ ሞተሩ ያቃስታል፣ የተቃጠለ ይሸታል፣ ትቆማለች። ሁልጊዜ እዚያው። "አናቱ ላይ ሳላያት አልሞትም" እያልሽ ትስቂ ነበር። ሳታዪያት ሄድሽ፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ከቀብርሽ በኋላ ጨርቅ ሸፍኜባት ወራት ተቀመጠች። ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ ግን ያ ቃልሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ከዚያ ቀን በፊት ቀዮን አናቱ ላይ ላወጣልሽ ወሰንኩ። ክረምቱ ከገባ ዳገቱ ጭቃ ነው፣ የማይሞከር ነው።

ትዕግሥት አልወደደችውም። "አባዬ፣ ጥቁር ለብሰህ መጫወቻ ይዘህ ስትወጣ ሰው ምን ይላል?" አለችኝ። እውነት አላት ብዬ ራሴን መረመርኩ። ሐዘን ነው ወይስ ልጅነት? መለየት አቃተኝና ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው።

"አባቴ፣ ሐዘንተኛ ሰው በመጫወቻ ቢደሰት ኃጢአት ነው?"

"ከቅዳሴ ያስቀርሃል?"

"ኧረ አያስቀረኝም።"

"ከጸሎትስ?"

"ሞተሩ ሲግል እስኪበርድ ድረስ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ።"

ሳቁና "እንግዲያውስ ደጋግሞ ይጋል" አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለካ ያ ሁሉ ጊዜ ያስቸገረን አንድ ቃል ነው። እኛ ሹፌሮች ዳገት የምንወጣው በከባድ ማርሽ ነው። እኔም "ከባድ" የሚለውን ይዤ፣ ከሞተሩ ጫፍ ላይ የምትታሰረዋን ባለ ጥርስ፣ ፒኞኗን፣ በየጊዜው በትልቅ እለውጥ ነበር። ጥርሷ በበዛ ቁጥር የከበደች መሰለኝ። ቀዮ ሜዳ ላይ እንደ ወፍ የምትበረው፣ ዳገት ላይ የምታለቅሰው ለዚያ ነበር። አንቺ "አቅሟ ይሄው ነው፣ ተዋት" ስትዪ እኔ ሞተሩን እረግማለሁ።

ያቺን ቴክኒክ ትምህርት ቤት የምታስተምረውን ሩትን ታውቂያታለሽ፣ ሰማያዊ መኪና ያላትን። ፒኞኗን አይታ "ጋሼ፣ ከባድ ማርሽ የሚሆነው እኮ በጎማው በኩል ያለው ጥርስ ሲተልቅ ነው። በሞተሩ በኩል ያለችው ማነስ አለባት" አለችኝ።

"ልጄ፣ እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የነዳሁት" አልኳት።

"መንዳቱንስ ነዱ። ካምቢዮውን ከፍተው አይተውት ያውቃሉ?"

የሚከፍተው ጋራዡ ነበር። እኔ ውጭ ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ።

"ጎማውን አንድ ጊዜ በእጅዎ ያዙሩትና ሞተሩ ስንት እንደሚዞር ይቁጠሩ" አለች። በትልቋ ፒኞን ዘጠኝ ያህል ዞረ። በትንሿ ቀይራ ሰጠችኝ፤ አሥራ ስድስት። ያኔ በራልኝ። ሞተሩ ብዙ ሲዞር ጎማው ቀስ ይላል፤ ሸክሙን ግን ይችለዋል። እንዲያውም እግሬ ካምቢዮ የሚለውጥ ይመስል ፍሪሲዮን ፈለገ። አፈርኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ደስ አለኝ።

ቤት ወስጄ ትንሿን አሰርኳት። ሁለቱ ጥርሶች አጥብቄ ባጋጥማቸው ይፋጫሉ፣ ባላላቸው ይዘላሉ። ሩት እንዳለችኝ መሃላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብቼ አጋጠምኳቸውና ወረቀቱን ሳብኩት፤ የቀረችው ክፍተት ልክ ሆነች። እኔና አንቺ መሃል ወረቀቱን ያስገባው ማን ይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ያን ሁሉ ዘመን አልተፋጨንም፣ አልዘለልንምም።

ከሰኔ ሚካኤል በፊት ባለው እሑድ ወጣሁ። ትዕግሥትም "ብቻህን አትሄድም" ብላ አብራኝ መጣች፤ ፊቷ እንደተቋጠረ ነው። ሌሊት ዘንቦ መሬቱ እርጥብ ነበር። ሪሞቱን ለማን ልስጥ ብዬ ቆምኩ። ረጅሙ ልጅ "ፋዘር፣ ለእኔ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የማወጣት" ይላል። እጄን ልዘረጋለት ስል ግን ነገሩ ከበደኝ። አንቺ ብትሆኚ ለሌላ ሰው አትሰጪውም ነበር። አማተብኩና ራሴ ያዝኩት።

ቀዮ ሜዳው ላይ ስትጀምር እንደ ኤሊ ነበረች። ሳቁብኝ። "ፋዘር፣ ለገና ትደርሳለች!" "ስንቅ ይዛለች?" እኔ አልሰማሁም። ጭነት ይዘሽ ዳገት ስትወጪ አትቸኩዪም፣ አታቆሚምም፤ ይህንን እንኳ ከማንም አልማርም። ድንጋዩ ጋ ደረሰች። ሳቁ ጠፋ። የፊት ጎማዋ ተንሸራተተ፣ አፈር ቧጠጠ፣ ያዘ። ሞተሩ አላቃሰተም አስኩዬ፣ ዘመረ እንጂ! አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ድንጋዩን ወጣችው። ትዕግሥት "በርቺ ቀዮ! አባዬ እንዳትለቀው!" እያለች ከሁሉም በላይ ትጮኻለች፤ ሰው ምን ይላል ያለችው ልጅሽ!

በቁሜ እስካለሁ አልረሳሽም። በቅዳሴ ስምሽን አስጠራለሁ፣ እሑድ እሑድም ዳገቱ ላይ እጠራዋለሁ። ይህን ግን በጽሑፍ ይቀመጥልኝ፦ በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እንጦጦ ላይ፣ በገዛ እጄ ነድቼ ቀዮን አናቱ ላይ አወጣኋት።

ባልሽ