ኢንሻአላህ ሳልል የሰጠሁት ቃል

ዘሀራዬ፣

አላህ ይዘንልሽ። ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። እንዲህ ቁጭ ብዬ ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሰው ፊት የማላወጣው ፍርሃት ይዞኛል።

ሰሚራ መጣችልሽ። የአጎትሽ ልጅ ትታት ከሞተች ወዲህ፣ ልጃችን እናድርጋት ብለሽ ሦስት ዓመት በወረቀቷ ስትሯሯጪ የኖርሽላት ሰሚራ። ከደሴ እዚህ አሜሪካ ከመጣች አራት ወሯ ነው፤ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። የስፌት መኪናሽን ሳሎን አውጥቼ ክፍሉን ለእሷ አደረግሁት። ኒው አልባኒ ያለውን የመጋዘን ሥራዬንም ወደ ቅዳሜና እሁድ ሺፍት አዛወርኩ፤ በሌላው ቀን ሐኪም ቤት እንመላለሳለን።

ልቧን እንደሚያማት እናውቅ ነበር። ግን በቪዲዮ ስናወራት እየሮጠች መጥታ ቁጢጥ ስትል፣ "አይ ተጫዋች!" እያልን እንስቅ የነበረው ትዝ ይልሻል? ጨዋታ አልነበረም። ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። እዚህም ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቁጢጥ ትላለች፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። ከኋላዋ ቆሜ እጠብቃታለሁ። እስክትነሣ ድረስ የማውቀው ሱራ ሁሉ ይጠፋብኛል።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። መሞትሽን ደብቄያት ነበር። እትዬ ከድጃ፣ ጎረቤታችን፣ "ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ልቧን ልታቆም ነው እንዴ አንተ ሰው?" ሲሉኝ አመንኳቸው። "እማ ሌላ ስቴት ሥራ ላይ ናት" አልኳት፤ "እማ" በይኝ ብለሽ በስልክ ያስለመድሻትን ልጅ። እውነቱን ካወጣሁት ግን ለእሷ አዝኜ ብቻ አይደለም። "ሞተች" የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት ፈርቼ ነው።

ሰኞ ዕለት ዶክተሯ ለልቧ ኦፕሬሽን ሐሙስ ቀጠረችን። ሪስኩን በአስተርጓሚ ዘርዝራ ነገረችኝ። ፈረምኩ፤ ፊርማዬ የእኔ አልመስል አለኝ። ስንመለስ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ መብራት ይዞን ሳለ፣ ሰሚራ ከኋላ ወንበር "እማ ለሐሙስ ትመጣለች?" አለችኝ። አንድ ጎማ ቤት ግቢ ገብቼ መኪናዋን አቆምኩ። ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ብቻዬን አረዳኋት።

አላለቀሰችም። "እሷም?" አለች። ቀጥላ ደግሞ "አንቱስ?" አለችኝ።

"እኔማ ኢንሻአላህ..." ብዬ ስጀምር፣ "ኢንሻአላህ አይበሉ" አለች። "እማም ኢንሻአላህ ኤርፖርት እቀበልሻለሁ ብላኝ ነበር።"

ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ ኢንሻአላህ እንደምል ታውቂኛለሽ። "አልሞትብሽም" አልኳት። እንዲያው ደረቁን። ከዚያ ወዲህ አስተግፊሩላህ ከአፌ አልተለየም፤ ቃሉን ግን መልሼ አልወሰድኩትም። ጌታዬ የልጅን ፍርሃት ከእኔ ይልቅ ያውቃል እያልኩ እጽናናለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ እፈራለሁ። ከሁሉ የምፈራው እኔ ቃሌን ጠብቄ እሷ እንዳትቀርብኝ ነው።

ነገ ሐሙስ ነው። ቦርሳዋን አዘጋጅተናል። ፎቶሽን ልጨምርላት ስል እምቢ አለች፤ ተቆጥታብሻለች። አትቀየሚያት።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከሰላት በኋላ እጄን ለዱዓ ስዘረጋ መጀመሪያ የምጠራው ያንቺን ስም ነበር። ዛሬ የእሷን አስቀደምኩ። ቅር አይበልሽ። አንቺን ደግሞ ከሰሚራ ቀጥዬ፣ ወዳለሽበት እስክመጣ ድረስ፣ በየሰላቱ በስምሽ እጠራሻለሁ።

ባልሽ ሁሴን